ስለ ፒክአፕህ የፊት መጎተቻ መንጠቆ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ቢሆነንም ስላንተ መጠየቄን አልተውኩም። ሰሞኑን ፒክአፕ መግዛትህን፣ ከፊቱም የመጎተቻ መንጠቆ ልታስገጥምለት ማሰብህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይደርስህ ዘንድ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት ብረትና ጥቂት ብሎን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጭቃ የያዘው መኪና ሲጎተት መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ኃይል ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። በወታደራዊ የተሽከርካሪ ማውጫ መመሪያዎች የታወቀ ስሌት አለ፦ ጎማው ብቻ የሰመጠ መኪና የክብደቱን ያህል፣ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) የሰመጠ ደግሞ የክብደቱን እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በዚህ ስሌት እስከ 5,000 ኪሎ ግራም የሚደርስ የመሳቢያ ኃይል ይጠይቃል ማለት ነው፤ ጎታቹ ተንደርድሮ በድንገት የሳበ እንደሆነ ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መንጠቆው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ዋናው ጥያቄ ከምን ጋር ታስሯል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ እኔ የምቀበለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናውን አካል የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ፣ ወይም ፓራውልቱን ከያዘው ላሜራ ላይ የታሰረ መንጠቆ ለዓይን ያምር እንደሆነ እንጂ በክፉ ቀን አይታመንም።

ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለህ ስታይ ከፊት በኩል ቀጠን ያለች ቀለበት ታገኝ ይሆናል። ብዙ ሰው መጎተቻ ትመስለዋለች፤ ዳሩ ግን በብዙ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለችው ቀለበት መኪናው በመርከብ ሲጓጓዝ እንዳይንቀሳቀስ ወደ ታች ለማሰር የተሠራች ናት። መጎተቻ መሆን አለመሆኗን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለሚናገር፣ እርሱን ሳታነብ ገመድ እንዳታስርባት እለምንሃለሁ።

ደስ የሚለው ነገር፣ በብዙ ፒክአፖች ሻንሲው ከፋብሪካ ሲወጣ ለመንጠቆ የሚሆኑትን ቀዳዳዎች ይዞ መውጣቱ ነው። በርካሹ ሞዴል ላይ የሚቀረው መንጠቆው እንጂ ሻንሲው ከውዱ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ መብሻ ከማንሳትህ በፊት የሻንሲውን ሁለት ጫፎች ከጭቃና ከዝገት አጽዳና በባትሪ መብራት ተመልከት፤ ቀዳዳዎቹ ካሉ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መንጠቆ ገዝተህ ማሰር ብቻ ነው የሚቀርህ። ቀዳዳ ከሌለና መብሳት ግድ ከሆነ፣ ሻንሲው እንደ ሳጥን ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለመሆኑን አስቀድመህ እይ። ዝግ ሻንሲ ላይ ብሎን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈህ ስታጠብቀው ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ብሎኑ የጠበቀ መስሎህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላላል። መፍትሔው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክ የሚገባ ወፍራም የብረት ቱቦ አስገብቶ ብሎኑን በቱቦው ውስጥ ማሳለፍ ነው። ያን ጊዜ ጭነቱን የሚሸከመው ቱቦው ይሆናል።

በብየዳ ይያዝልኝ እንዳትል አደራ። የብየዳ ሙቀት ከስፌቱ አጠገብ ያለውን የሻንሲ ብረት ባሕርይ ይለውጠዋል፤ መንጠቆው ራሱ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ያንን ጥንካሬ ያሳጣዋል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። ጥሩ በያጅ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ብሎን ቢላላ በመፍቻ ይታወቃል፣ ይለወጣልም፤ በብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተበጠሰ በኋላ ነው።

ብሎኑን ስትገዛ ራሱን ገልብጠህ የታተመበትን ቁጥር አንብብ። 8.8 የሚል ከሆነ፣ የመጀመሪያው 8 ብረቱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል እስኪሳብ እንደማይበጠስ፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ የዚያን 80 በመቶ ሲደርስ ላይመለስ መለጠጥ እንደሚጀምር ያመለክታል። 10.9 ከዚያ ይጠነክራል። ቁጥር የሌለውን ለዚህ ሥራ አትቀበል። አይዝግም ብለው የማይዝገውን ብሎን የሚመርጡም አሉ፤ የተለመደው ዓይነት ግን 70 የሚል ምልክት ያለው፣ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 700 ኒውተን ላይ የሚበጠስ በመሆኑ ከ8.8 ያንሳል። ከዳዶው ሥር ወፍራም ራንዴላ አድርግ፤ የመንጠቆው አምራች ባዘዘው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ) አጥብቅ፤ ከዚያም ከዳዶው እስከ ሻንሲው የሚደርስ ቀጭን የቀለም መስመር አስምርበት። መስመሩ ተቋርጦ ባየኸው ቀን ዳዶው መዞሩን ታውቃለህ።

አዲስ መኪና ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከፓራውልቱ ጀርባ የኤርባግ ሴንሰሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በግጭት ጊዜ ተጨፍልቆ ኃይሉን እንዲውጥ የተሠራ ክፍልም አለ። መንጠቆህ ያንን ክፍል ደግፎ እንዳይጨፈለቅ የሚያደርግ ከሆነ የተሳፋሪውን ደኅንነት ይነካል፤ ለሞዴሉ የተሠራውን ግዛ የምልህም ስለዚህ ጭምር ነው።

መንጠቆዎቹ ከተገጠሙ በኋላ የሻንሲው ሁለቱም ክንፎች ጭነቱን እንዲካፈሉ ገመዱን ከሁለቱም ማሰር ይሻላል። የማሰሪያው ገመድ ረዘም ይበል፤ የገመዱ ሁለት ክንፎች የሚሠሩት ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ መንጠቆ የኃይሉን 58 በመቶ ያህል ይሸከማል፣ ወደ 120 ዲግሪ ሲሰፋ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ኃይል ይሸከማል። በጎታቹ መኪና በኩል ደግሞ የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ ገመድ እንዲታሰር ፈጽሞ አትፍቀድ። ኳሱ ለዚህ አልተሠራም፤ በተወጠረ ገመድ ተነቅሎ ሲወነጨፍ ሰው ገድሏል። ማንም ሰው በገመዱ መሥመርና አጠገብ አይቁም። ከመጎተትህ በፊት ደግሞ በአካፋ የጎማውን ፊት ቆፍር፤ ጥቂት ደቂቃ መቆፈር መንጠቆውም ገመዱም የሚሸከሙትን ኃይል ብዙ ይቀንሳል።

የሻንሲውን ሁለት ጫፎች ከሥርና ከጎን ፎቶ አንስተህ፣ የመኪናውንም ሞዴልና የተሠራበትን ዓመተ ምሕረት ጽፈህ ላክልኝ። ቀዳዳዎቹን አይቼ የሚስማማውን መንጠቆና የብሎኑን ውፍረት እጽፍልሃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አትግዛ። ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ