የ48 ሰዓቷ አንቀጽ አትታገድብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይሻሻል የሚለው ክርክር በጋዜጣችሁ ሲወጣ እየተከታተልኩ ነው። የመገንጠል መብት የተጻፈበት አንቀጽ 39 ይውጣ የሚል አለ፤ የሰንደቅ ዓላማው ዓርማ የሚያሳስበው አለ፤ ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ይሻለናል የሚልም አለ። ሁሉም የመሰለውን መጻፉ ደግ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ምዕራፍ ሦስትን ከጉዳይ የቆጠረ ሰው ማጣቴ ነው። አንድ ሰው ሲያዝ፣ ቤቱ ሲፈተሽ፣ ቃሉን ሲሰጥ ምን መብት እንዳለው የተጻፈው እዚያ ነው።

የምተዳደረው አዲስ አበባ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። በታይፕ ጀምሬ አሁን በኮምፒውተር እሠራለሁ። የቀለብ፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የቤት ኪራይ፣ የማይመጣ ጉዳይ የለም። ሰኞ ጠዋት ግን ገና ወንበሬን ሳልዘረጋ ቆመው የሚጠብቁኝ ሴቶች አሉ። በእጃቸው ፔስታል ይዘዋል፤ በፔስታሉ ውስጥ ምሳ ዕቃ፣ ሹራብ፣ አንዳንዴም የስኳር መድኃኒት አለ። «ልጄን ዓርብ ማታ ወሰዱብኝ፣ የት እንዳለ አላውቅም» ይሉኛል። ስለ ሕገ መንግሥት የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ለነዚህ ሴቶች መልስ ስፈልግ ነው።

መልሱ አንቀጽ 19 ላይ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከሰዓቱ የሚቀነሰው ለመንገድ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ያሰረው አካል በጊዜው ካላቀረበው እስረኛው ፍርድ ቤቱን «አካሌን ነፃ አውጣልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ ይህንንም መብት ማንም ሊነጥቀው እንደማይችል ይናገራል። አቤቱታው የሚቀርብበት መንገድ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 177 ላይ ተቀምጧል። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማን እንደታሰረ፣ ማን እንዳሰረው፣ የት እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንደተያዘ ጽፎ፣ በቃለ መሐላ አረጋግጦ፣ ምስክር ጠቅሶ ማቅረብ ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። አምና ከከተማው ዳርቻ አንዲት እናት መጣች። ልጇ ባጃጅ ነጂ ነው። አንደኛው ጣቢያ «እኛ ጋ የለም» አላት፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጣቢያ በር ላይ የነበረው ጥበቃ ስሙን ጠይቋት ምንም ሳይላት ምሳ ዕቃውን ተቀብሏት ገባ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶውን መለሰላትና «ነገ ነይ» አላት። ልጇ እዚያ እንዳለ ያወቀችው በዚህ ነው። ማመልከቻውን ጻፍንላት። ዓርብ ማታ ሲያዝ ያዩ ሁለት ጎረቤቶቿን በምስክርነት ጠቀስን። ዳኛዋ ልጁ በማግስቱ ጠዋት ከነታሰረበት ምክንያት እንዲቀርብ አዘዘች። ሲቀርብ መርማሪው የያዘው ወረቀት ልጁ የተያዘው «በትናንትናው ዕለት» ነው ይላል። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር። ዳኛዋ ልጁን «መቼ ነው የተያዝከው?» አለችው። «ዓርብ፣ ባጃጄን ላሳድር ስሄድ» አላት። ጎረቤቶቹም መሐላ ፈጽመው ይህንኑ ተናገሩ። የተያዘበት ቀን መዝገቡ ላይ በዓርብ ተስተካክሎ ተጻፈ። መርማሪው ምርመራውን እስኪጨርስ ልጁ እንዲቆይለት አሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጠይቆ ነበር፤ ሰባት ቀን ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ልጁ በዋስ ወጣ።

ልጁ በተጠረጠረበት ነገር ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት እኔ አላውቅም። የማውቀው እናቲቱ በዚያ ማክሰኞ ከችሎት ስትወጣ ልጇን ይዛ አለመውጣቷን፣ ነገር ግን የመዝገብ ቁጥር ይዛ መውጣቷን ነው። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌላት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የመዝገብ ቁጥር ያለው ሰው ቀጠሮው ይታወቃል፣ ጠበቃ ይጠይቀዋል፣ ይግባኝ ይባልለታል፣ ቢታመም የታመመው ማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። 48 ሰዓት ሲባል ብዙ ሰው «መፈታት» ይመስለዋል። ከያዘው አካል ውጭ የሆነ ሰው ታሳሪውን በዓይኑ ያየዋል፣ ስሙን ይጽፈዋል ማለት ነው እንጂ መፈታቱማ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ የፈረንጅ ዕቃ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። እርግጥ ነው፣ ጽሑፉ የውጭ መንገድ ተጉዟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1215 የእንግሊዝ ባላባቶች ንጉሥ ጆንን አስገድደው ባስፈረሙት ማግና ካርታ ላይ ነፃ ሰው ያለ ሕጋዊ ፍርድ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ተጽፏል። ያ ሐሳብ አሜሪካኖች በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ላይ በጨመሯቸው የመብት አንቀጾች ውስጥ ገባ። ከዚያም አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሕግ አማካሪ በነበሩበት ዘመን በእኛው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ላይ ሰፈረ። ይሁን እንጂ ይዞ በቀጥታ ወደ ዳኛ መውሰድን አባቶቻችን ከማንም አልተማሩትም። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ካለ መቆም ግዴታ ነበር። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባል የለ? ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው በቁራኛ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የተያዘው ሰው ከገበያው ሁሉ ዓይን ሳይሰወር ነው ችሎት የሚደርሰው።

የዚያ ሥርዓት ጉድለቱ በጉልበተኛ ላይ አለመሥራቱ ነው። ንጉሡ በግዞት የሰደደውን ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያስመልስ አልነበረም። መብት በጽሑፍ ይቀመጥ የተባለውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን አይተው ያረቀቁት፣ 55 አንቀጾች ብቻ ነበሩት፤ ሆኖም ኢትዮጵያዊ ሕግ ካዘዘው ውጭ እንደማይታሰር፣ ቤቱም እንደማይበረበር ጽፏል። የ1948ቱ ደግሞ በአንቀጽ 51 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ አለ። ለዚህ ያስቀመጠው ልዩ ሁኔታ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የተያዘበት ቦታ ከፍርድ ቤቱ የሁለት ቀን የእግር መንገድ የሚርቅ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል ይላል። መንገድ በሌለበት፣ እስረኛ በእግሩ ከተራራ ወርዶ ወንዝ በሚሻገርበት ዘመን 48 ሰዓት ይበቃል ተብሎ ነበር። ዛሬ ከጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ አንድ ታክሲ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱንም ሕገ መንግሥቶች ለሕዝባቸው የሰጡት እንደ ስጦታ ነበር፤ ግዞቱም አልቀረም። ደርግ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1 ሕገ መንግሥቱን አገደው። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል እንኳን በቅጡ ሳይቆጠር፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ስልሳ ያህል ሰዎች በዓለም በቃኝ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ለብዙ ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከመካከላቸው ነበሩ፤ አፈ ንጉሥ የነበሩም ነበሩባቸው። በአገሪቱ ዳኞች ሁሉ ላይ የተቀመጠ ሰው በራሱ ቀን አንድ ዳኛ አላገኘም። (የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ የተሠራው በዚያ እስር ቤት ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ወጣት ይህንን ቢያውቀው እወዳለሁ።) ደርግ የራሱን ሕገ መንግሥት እስኪያወጣ፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ሕገ መንግሥት ኖርን።

በ1970 ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ልጇ ወደታሰረበት ቀበሌ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እኔንም ታስከትለኛለች። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን እንደሞላ መለሱላት። ማንም ምንም አላላትም፤ የዚያ ዘመን እናቶች ትርጉሙን ያውቁታል። የከሰሰው የለ፣ የፈረደበት የለ፣ መዝገብ የለ፣ የተቀበረበትም አልታወቀም። ሰው ሲታሰር ቁጥር ይኑረው እያልኩ የምሟገተው ይህንን ስላየሁ ነው።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ ፖሊስ ወንጀለኛ ሲይዝ እጁን አትጠፍሩት» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። አልንቀውም። የተገደለባቸው፣ የተዘረፉ፣ የተደፈሩ ሰዎችም እኔው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ፤ የእነሱንም እንባ አይቻለሁ። ግን ሕጉ ለመርማሪ ጊዜ አልከለከለም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 59 ምርመራው ካላለቀ በአንድ ጊዜ እስከ አሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ እንዲፈቀድ ይላል፤ ካስፈለገም እንደገና ይጠየቃል። የሚፈለገው ጥያቄው ዳኛ ፊት፣ ልጁ ባለበት እንዲቀርብ ነው። ሥራውን በትክክል ለሠራ መርማሪ ይህ ምን ይከብደዋል? ተበዳዩንም ቢሆን የሚጎዳው በድብደባ የተገኘ ቃል ነው፤ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ተገዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም ስለሚል ክሱ ያኔውኑ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማይታገዱት አንቀጾች በአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 4 ተዘርዝረዋል። አራት ናቸው። አንቀጽ 1፣ የመንግሥቱ ስያሜ፤ አንቀጽ 18፣ ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልክል መሆኑ፤ አንቀጽ 25፣ እኩልነት፤ የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 19 የለበትም። በሕይወት የመኖር መብት የተጻፈበት አንቀጽ 15 እንኳን የለበትም! የአገሪቱ ስም በየትኛውም አዋጅ አይነካም፤ ሰው ግን ተይዞ ዳኛ ሳያይ ሊከርም ይችላል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ አስቸኳይ ጊዜ ደጋግሞ ታውጇል፤ በእነዚያ ወራት እኔ ጠረጴዛ ፊት ለቆሙት እናቶች የምጽፈው ማመልከቻ አልነበረኝም። «ጠብቂ» ነው ያልኳቸው። ሕገ መንግሥቱ ለዚያ ጊዜ ያሰበው ነገር የለም አልልም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያድርግ ይላል። አንድ ወር ግን ረጅም ነው። ድብደባ የሚፈጸመውና ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ አንቀጽ 18 አይታገድም ቢባልም እስረኛውን የሚያየው ዳኛ ከሌለ መደብደቡን ማን ያውቃል?

ስለዚህ ለማሻሻያ የምትሟገቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ በየመድረኩ አጀንዳ የምታቀርቡ ሁሉ፣ አንቀጽ 15ንና የአንቀጽ 19ን ንዑስ አንቀጽ 3 እና 4 በማይታገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገቡልን። እንደሚገባኝ ይህ ከሌሎቹ የማሻሻያ ጥያቄዎች ይቀላል። ምዕራፍ ሦስትን ራሱን ለመንካት በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንድ ክልል እንቢ ካለ አለቀ። አንቀጽ 93 ግን ከምዕራፍ ሦስት ውጭ ስለሆነ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቁትና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛዎቹ ከደገፉት ይበቃል። በአንቀጽ 39 የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በዚህች አንዲት ጉዳይ መስማማት አያቅታቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሁለቱም ወገን እናቶች እኔ ጋ መጥተዋልና።

ከዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የአንቀጽ 19ን ሙሉ ቃል በአንድ ዓምድ፣ በጎላ ፊደል አውጡልን። ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ለሚመጡትም ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ