ኪራዩ ሁሉ ያንቺ አይደለም

አንቺዬ፣

ጠፋሁ አይደል? አንቺም ጠፍተሻል፣ ስለዚህ ተካክሰናል። እማማን ወደ አዲስ አበባ ወስደሽ ጅማ ሄርማታ ያለውን ግቢ አንቺ ልታስተዳድሪው መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። መልእክትሽን ሳነብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አራቱ ሰርቪስ በ4,500 ሲከራይ 18 ሺህ፣ በ12 ሲባዛ 216 ሺህ፣ ከዚያ እሱን ተማምኜ ብድር ልግባ ትያለሽ። ኧረ ቆይ!

መጀመሪያ ባዶ ወር የሚባል ነገር አለ። ተከራይ ሲወጣ ቀለም ይቀባል፣ ቁልፍ ይቀየራል፣ ደላላውም ድርሻዬን ይላል፣ ክፍሉ ደግሞ ሰው እስኪገኝ ባዶውን ይቀመጣል። ለየክፍሉ በዓመት አንድ ወር ብትተዪ 18 ሺህ ሄደ ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ጣራው ነው። የጅማን ዝናብ ረስተሽው ካልሆነ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አይለቅም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው እሁድ መሰላል ተውሼ ወጣሁና አየሁት። የሚስማሮቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከስሩ ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡናማ ክብ ወጥቷል። በጓሮ በኩል ባለው ቋሚ ላይ ደግሞ ምስጥ የጭቃ መንገዱን እስከ ወገቤ አድርሶታል። አሁን ሚስማርና ጎማ መቀየር ቀላል ወጪ ነው፤ ከተተወ ግን ማገሩና ወራጁ ይበሰብስና ሙሉ ጣራ ይጠይቅሻል።

እንበልና ሙሉ ጣራ ከነእንጨቱ ከነጉልበቱ 240 ሺህ ፈጀ፣ 15 ዓመትም አገለገለ። በዓመት 16 ሺህ፣ በወር 1,333 ብር። ይቺን ቢዘንብም ባይዘንብም በየወሩ ከጣራው ላይ እየበላሽ ነው። ሽንት ቤት ማስመጠጡን፣ ሮቶውን፣ የመብራት መስመሩን እንዲሁ አስቢያቸው። ዋጋ ባለበት ስለማይቆም በየመስከረሙ ከልሺው።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እንኳ፣ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን 50 በመቶ ለጥገናና ለእርጅና ብሎ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀንስለት ነበር። ግብር ሰብሳቢ ግማሹን ካመነ አንቺ ምን ቤት ነሽና ሙሉውን ትቆጥሪዋለሽ? እኔ ግማሽ አልልሽም። ሲሶውን፣ 6 ሺህ ብሩን፣ ኪራይ በገባበት ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዙሪው፤ ከእጅሽ ካልወጣ መጥፋቱ አይቀርም።

እቁብ ልግባበት እንደምትዪ አውቃለሁ። እቁብ ቀኑ ለታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ ለጣራ ቅያሬ፣ ሸጋ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ግን እጣሽ እስኪወጣ አይጠብቅሽም።

ሥራው ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት ሰዉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሚሆን የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፣ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይገባል። ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ያለው ልጅ የበሩን ቁልፍ በራሱ ገንዘብ አስቀይሯል፣ ደረሰኙንም አሳይቶኛል። ከኪራዩ ቀንሺለት። እንዲህ ያለ ተከራይ ለመቶ ብር ተብሎ አይቀየምም።

ብድሩን እስክንነጋገር ተዪው። ስትመጪ አብረን ጣራ ላይ ስለምንወጣ ሱሪ ያዢ። እማማን ሳሚልኝ፣ ሮቶው ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚሞላም ጠይቂልኝ፤ እዚህ የሚያውቅ ጠፍቷል።