ሁለተኛ ረቂቅ የማይጠይቅ የእንግሊዝኛ ኮርስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ደከመ በተባለ ቁጥር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሰዋስው ይጨመር። ቋንቋውን በዚህ ደረጃ የምናስተምር መምህራን በዚህ አንስማማም። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ የግስ ጊዜያትን ሰንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል፤ ክፍት ቦታ ሙላ ሲሉትም አብዛኛውን በትክክል ይሞላል። ያው ተማሪ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ ይያዝበታል። ሕጉን ያውቀዋል፤ ልምዱ ነው የሌለው። ከሁሉም በላይ የጎደለው ደግሞ አንዴ የጻፈውን መልሶ የመጻፍ ልምድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ብቃት ማዕቀፍ ስድስት ደረጃዎች አሉ። አራተኛው፣ ቢ2 የሚባለው፣ ተማሪው በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን በግልጽ ማስረዳት የሚችልበት ነው። ቀጣዩ ሲ1 ላይ የደረሰ ሰው ረጅምና ከበድ ያለ ጽሑፍ አንብቦ በግልጽ ያልተባለውን ጭምር ይረዳል፤ ውስብስብ ጉዳይም በወጉ አደራጅቶ ይጽፋል። የካምብሪጅ ፈተና አዘጋጆች ግምት ለቢ2 ከ500 እስከ 600፣ ለሲ1 ከ700 እስከ 800 ሰዓት በመምህር የተመራ ትምህርት ያስፈልጋል የሚል ነው። ልዩነቱ ወደ 200 ሰዓት ይጠጋል። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት የሚሰጥ ኮርስ 48 ሰዓት ብቻ ነው። አራት ሴሚስተር የሚወስደውን መንገድ በአንዱ ጨርሱ ብለን፣ ሳይጨርሱ ሲቀሩ እነሱኑ እንወቅሳለን።

«ሌላውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚከታተሉ ቀሪው በራሱ ይመጣል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። አይመጣም። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን ካናዳ ውስጥ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ይከታተሉ የነበሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን አጥንታ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ አድርጋለች። ልጆቹ ለዓመታት በፈረንሳይኛ ከመማራቸው የተነሳ የሚሰሙትንና የሚያነቡትን በደንብ ይረዱ ነበር፤ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ግን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ስታስረዳ፣ ልጆቹ ብዙ እንዲናገሩና እንዲጽፉ፣ ያሉትንም ይበልጥ አጥርተው እንዲሉት የሚያስገድዳቸው ሁኔታ አልነበረም ትላለች። የኛም ተማሪዎች ነገር እንዲሁ ነው። ሌክቸር ይሰማሉ፣ ስላይድ ይገለብጣሉ፣ ምርጫ ያከብባሉ፤ አንድን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ የሚያስጽፋቸው የለም።

ሁለተኛ ረቂቅ ስንል የሚከተለውን ማለታችን ነው። ተማሪው በየሁለት ሳምንቱ ከ400 እስከ 500 ቃላት የሚሆን ጽሑፍ ከሙያው ትምህርት በተወሰደ ርዕስ ላይ ይጽፋል። መምህሩ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲያነብ በቅድሚያ ሐሳቡን ይመለከታል፦ ዋናው ነጥብ የቱ ጋ ነው? ማስረጃው ድምዳሜውን ይሸከማል? አንዱ አንቀጽ ቢወጣ የሚጎድል ነገር አለ? ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የቋንቋ ስህተት ብቻ ይመርጣል፤ ከሥራቸው ያሰምርና በኅዳጉ ላይ ምልክት ያኖራል፤ «ግ» ለግስ፣ «መ» ለመስተዋድድ፣ «ቁ» ለነጠላና ብዙ ቁጥር። ትክክለኛውን አይጽፍለትም፤ ማረሙ የተማሪው ሥራ ነው። ውጤትም አይሰጥም።

ውጤት አለመስጠቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያለሱ ግን ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀጣይ ሥራቸው ሲሻሻል፣ ከአስተያየቱ ጋር ውጤት የተጻፈላቸው ግን የዚያን ያህል አልተሻሻሉም። ዕድሜው ይለያይ እንጂ ዩኒቨርሲቲም ውስጥ ያለው እውነት ከዚህ አይርቅም፤ ቁጥሩ ከታየ ወረቀቱ ይታጠፋል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ አሻሽሎ ሁለቱን ረቂቆች አያይዞ ሲያስገባ ውጤቱ ያኔ ይሰጠው፤ ከውጤቱም ቢያንስ ሲሶው በሁለቱ ረቂቆች መካከል ለታየው ለውጥ ይያዝ። ይህ ካልሆነ ተማሪው የተሰመረባቸውን ቃላት ብቻ ቀያይሮ ይመልሳል፤ አንቀጹ እንደተወላገደ ይቀራል።

ወረቀቱን በቀይ መሙላት የትጋት ምልክት የሚመስለው መምህር አለ። አንድ ገጽ ላይ 40 እርማት ያየ ተማሪ ግን የትኛው እንደሚብስ ሊለይ አይችልም፤ የታረመለትን ይገለብጥና ይገላገላል። በሚቀጥለው ጽሑፍ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው ባለ ሦስት ዓምድ የስህተት መዝገብ ነው፤ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር፣ የታረመው፣ ምክንያቱ። ተማሪው አዲስ ጽሑፍ ከማስገባቱ በፊት መዝገቡን አውጥቶ ስህተቶቹን አንድ በአንድ በጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋቸዋል። አምስት ጽሑፍ ሳይሞላ የሚደጋገሙት ጥቂት መሆናቸው ይገለጥለታል።

አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚዘወተሩት የታወቁ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን በ«ኦልዞው» ጀምሮ መሐል ላይ «በት» መጨመር አንዱ ነው። «ምንም እንኳ»፣ «ቢሆንም» እና «ግን» በአማርኛ ተደራርበው ሲመጡ ጆሮ አይጎረብጡም፤ እንግሊዝኛው ከ«ኦልዞው» እና ከ«በት» አንዱን ብቻ ይቀበላል። «ዲስከስ» ካሉ በኋላ «አባውት» ማለት፣ «ኮፕ ዊዝ» በማለት ፈንታ «ኮፕ አፕ ዊዝ»፣ «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ»፣ እንዲሁም «ኢንፎርሜሽንስ» እና «ኢኩዊፕመንትስ» በየወረቀቱ አሉ። ከሁሉም አስቸጋሪዋ ከስም በፊት የምትገባው «ዘ» ናት፤ ሕጓን በማጥናት ብቻ አትያዝም። ከሙያው ጆርናል 150 ቃላት ያህል አንቀጽ ወስዶ «ዘ»፣ «ኤ» እና «አን» ያሉበትን ሁሉ ማጥፋት፣ ከሁለት ቀን በኋላ መሙላት፣ ከዋናው ጋር ማስተያየት ይሻላል። አንዳንድ ቦታ «ዘ»ም «ኤ»ም ያስኬዳሉ፤ «ታዲያ ጸሐፊው ለምን ይህን መረጠ?» የሚለው ክርክር ነው የሚያስተምረው።

አንድ ሰዋስው የማይነካው ነገርም አለ። ተማሪዎች «ፕሩቭ» የሚለውን ግስ ይወዳሉ። 30 ሰው መጠይቅ ሞልቶላቸው «ይህ ጥናት አረጋግጧል» ብለው ይጽፋሉ። የሙያው አንባቢ እዚያው ላይ እምነቱን ያነሳል። በዚህ መጠን ላለው ማስረጃ «ሰጀስት» ወይም «ኢንዲኬት» ይበቃል። ይህን የተነገረው ተማሪ ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄድና በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሜይ»፣ «ፖሲብሊ» እና «ሲም» የሚሉ ማለዘቢያ ቃላትን ይደረድራል። አንዱ በቂ ነው።

ወደ ቃላት ስንመጣ፣ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን (አንድ ቃልና ከእሱ የሚወጡት ቅርጾች እንደ አንድ ተቆጥረው) የያዘ ሲሆን፣ ከአንድ አካዳሚክ ጽሑፍ ቃላት ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናል። በ15 ሳምንት ለመጨረስ በሳምንት 38 ማለት ነው። ነገር ግን የቃሉን የአማርኛ ፍቺ ብቻ የያዘ ተማሪ ሲያነብ ያውቀዋል እንጂ ሲጽፍ አይጠቀምበትም። ለቃላት ጥናት በሚያዘጋጀው ካርድ ላይ መስፈር ያለበት ቃሉ የገባበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ የሚከተለው መስተዋድድና አብሮት የሚሄደው ግስ ነው። «ሪሰርች» ከ«ሜክ» ጋር አይሄድም፤ «ኮንዳክት» ወይም «ካሪ አውት» ይፈልጋል። የሚጠራጠር ኮካ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን፣ ከአንድ ቢሊዮን ቃላት በላይ የያዘውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት ከፍቶ «ሪሰርች» የሚለውን ስም ይፈልግ፤ የትኞቹ ግሶች ደጋግመው ከፊቱ እንደሚመጡ ያሳየዋል። ካርዶቹን ደግሞ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ክፍተቱን እያሰፉ መከለስ ነው።

ንባቡም ልኩን ይወቅ። ከ20 ቃላት አንዱ እንግዳ ከሆነ ባለ 300 ቃላት ገጽ ላይ 15 የማይታወቅ ቃል አለ ማለት ነው፤ ሐሳቡ ይበጣጠሳል። ከ50 አንዱ ብቻ ሲሆን ያለ ረዳት መረዳት ይቻላል፤ የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው እዚያ ለመድረስ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ማወቅ ይጠይቃል። ይህ በዝርዝር ተሸምድዶ የሚገኝ አይደለም። በከባዱ መማሪያ መጽሐፍ ጎን በየቀኑ 30 ደቂቃ ያህል ቀለል ያለ፣ መዝገበ ቃላት የማያስገልጥ ንባብ ያስፈልጋል።

ለንግግር አንድ ልምምድ ብቻ እንጠቁም። ተማሪው ስለ አንድ ርዕስ ለአንድ ጓደኛው 4 ደቂቃ ይናገራል፤ ያንኑ ለሌላ ሰው በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ይደግመዋል። አድማጩ የሚቀየረው ተናጋሪው ሳይሰለች ያንኑ ሐሳብ እንዲደግም ነው። ርዕሱ አዲስና ከባድ ከሆነ ልምምዱ ይከሽፋል፤ የሚያውቁት ነገር ይሁን። የተጻፈ ወረቀት ማየትም አይፈቀድ።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን መከልከል የሚያዋጣ አይመስለንም፤ ቅደም ተከተሉን ማስያዝ ግን ይቻላል። የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ። መሣሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም «አስተካክልልኝ» ተብሎ ሳይሆን «ደካማውን ቦታ አሳየኝ፣ አንተ አታርመው» ተብሎ ይጠየቅ። ተማሪው ከተቀበላቸው ለውጦች ሦስቱን መርጦ ለምን እንደተሻሉ በቃሉ ያስረዳ። ማስረዳት ያልቻለውን ለውጥ ይመልሰው። እነዚህ መሣሪያዎች ለስላሳ ግን ባዶ ዓረፍተ ነገር በመሥራት የተካኑ ናቸው፤ ሐሳቡ የሳሳ ጽሑፍ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ጉድለቱ ይሸፈናል እንጂ አይሞላም።

«ማን ያርመዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። 50 ተማሪ በ10 ደቂቃ ሲባዛ ከ8 ሰዓት በላይ ይሆናል። ግማሹ ክፍል በአንዱ ሳምንት፣ ግማሹ በሌላው ቢያስገባ ጫናው ይከፈላል። የቋንቋ ምልክት የሚደረገው በአንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ይሁን፤ ለተረፈው የይዘት አስተያየት ይበቃል። ተማሪዎች እርስ በርስ ሲነባበቡም ሰዋስው እንዲያርሙ አይጠየቁ፤ አንዱ የሌላውን ትክክል ሊያበላሽ ይችላልና። «ዋናው ነጥብ ምንድን ነው? የቱ ጋ ጠፋህ? ምን ማስረጃ ጎደለ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ይመልሱ። የሙያ መምህራንንም የእንግሊዝኛ አራሚ ሁኑ አንልም። «እዚህ ላይ አልገባኝም» ብለው ጽፈው ወረቀቱን መመለስ፣ ሁለተኛውን ረቂቅ እስኪያዩም ውጤቱን መያዝ ይበቃቸዋል።

ለመሞከር አንድ ዲፓርትመንትና አንድ ሴሚስተር ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንትና በመጨረሻው ሳምንት ተማሪዎቹ ተመሳሳይ ክብደት ባላቸው ርዕሶች ላይ ለ40 ደቂቃ ያለ ስልክና ያለ ኮምፒውተር ይጻፉ። ወረቀቶቹ ስምና ቀን ተሸፍኖባቸው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተደባልቀው፣ ተማሪዎቹን ለማያውቁ ሁለት አራሚዎች ይሰጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ መምህራን