ቁልፉን የሰጠውም ይጠየቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ሳለ ሲያሽከረክር የተያዘ ሾፌር ችሎት ፊት የሚቆመው ብቻውን ነው። መኪናው የእርሱ አይደለም። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ጠዋት ቁልፉን የሰጠውና ማታ ገቢውን የሚቀበለውም ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ግን በችሎቱ ደጃፍ እንኳ አይታይም። በኮምቦልቻም ሆነ በደሴ ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የምሰማው «እነዚህን ሾፌሮች እሰሩልን» የሚል ነው። እኔም ቅጣቱ ይቅር አልልም። ዕድሜዬን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና እገዳ ለምን እንደሚጣል አውቃለሁ። ነገር ግን ቁልፉን የሰጠው ሳይጠየቅ ሾፌሩን ብቻ መቅጣት መንገዳችንን አያድነውም።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምጨነቅ ይገባዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው እየተጠማዘዘ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ነው። በክረምት ጭጋጉ ሲያለብሰው ከፊት ያለው መኪና የሚታየው አፍንጫው ሥር ሲደርሱ ነው። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጡ ተሳቢዎች ዳገቱን እየተጎተቱ ይወጣሉ፤ ሚኒባሱ ተራው እንዳያመልጠው በኩርባ ላይ ሊቀድማቸው ይሞክራል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ጉልበት መውረድ ሲገባው ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲለው የሚይዘው ነገር የለውም። በዚህ መንገድ ላይ ከመጠን በላይ ጭኖ፣ ከፍጥነት ወሰን አልፎ፣ ደጋግሞ ጥፋት የተመዘገበበት ሰው ለጊዜው ከመሪው እንዲርቅ መደረጉ በደል አይደለም። በደንብ ቁጥር 208/2003 የጥፋት ነጥብ አያያዝ ሲመጣ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ጥፋት ሲደራረብ ፈቃዱ ይታገድና ሰውዬው ከመንገድ ይወጣል።

የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እገዳው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ይቀጥላል። ለምን ይቀጥላል? ባለንብረቱ መኪናው እንዲቆም አይፈልግምና። የሚኒባሱም የባጃጁም የቀን ገቢ ቁርጥ ነው፤ ሾፌሩ ተሳፋሪ አገኘ አላገኘ ለባለንብረቱ ይህን ያህል ማስገባት አለበት። የቅጣት ወረቀቱንም የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ራሱ ነው። ነጥቡ የሚደራረበውም ከዚሁ ጥድፊያ ነው። ሲታገድ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ወር ደመወዝ የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ቤት ኪራይ ግን አለበት። ባለንብረቱ ሌላ ሾፌር ፈልጎ ከማላመድ ይልቅ ያንኑ ሰው ጠርቶ «አብሽር፣ ምንም አትሆንም» ይለዋል። ይህች አብሽር ስንት ሰው መቃብር እንዳስገባች መገመት ለማንም አይከብድም።

በሰፈራችን አንድ ወጣት በዚሁ ጉዳይ ተከሷል። ልጅነቱን ስለማውቅ «አባባ፣ ምን ልበል?» ብሎ ወደ እኔ መጣ። እገዳው እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ለባለንብረቱም ነግሮታል፤ ባለንብረቱም እያወቀ ቁልፉን ሰጥቶታል። ልጁ ያሰበው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ባንድ ቃል ሊገላገል ነበር። «ታዲያ ባለንብረቱ እያወቀ እንደሰጠህ ለምን አትናገርም?» ስለው፣ ስሙን ካነሳሁ በዚህ ከተማ ሁለተኛ መሪ የሚሰጠኝ የለም አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሮቹ ዝም የሚሉት ነገ ከነገ ወዲያ እንጀራቸው በዚያው ባለንብረት እጅ ስለሆነ ነው፤ ከሳሽም ካልጠየቀ፣ ፖሊስም ካልጻፈ፣ ዳኛው የሚያየው የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ ይሆናል።

ለእርሱ የነገርኩትን እዚህ ላይ ለሌሎችም ልድገመው። የተከሰሰ ሰው ክሱ በዝርዝር እንዲነገረው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መብቱ ነው። በጠበቃ የመወከል መብትም አለው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ክሱን ሙሉ በሙሉ ያመነ ተከሳሽ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊባል ስለሚችል፣ አፍ ከመክፈት በፊት ምን እንደሚያምኑ ማወቅ ይገባል። ያጠፋ ማመኑ ደግ ነው፤ ሲያምን ግን ሙሉውን እውነት ይናገር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ሰው በከባድ ችግር ተገፋፍቶ ወይም በሚታዘዘው ወይም ኑሮው በእጁ ባለ ሰው ተጽዕኖ ባደረገው ጊዜ ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። የባለንብረቱን ስም መጥራት ማሳበቅ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ነው።

መታገዱን ጨርሶ ያላወቀ ሾፌርም አለ። ቅጣቱን ከፍሎ ካርዱ ተመልሶለት፣ ኪሱ ውስጥ ካርዱ ስላለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ካርዱ ኪስ ውስጥ መኖሩ ፈቃዱ ለመጽናቱ ማረጋገጫ አይደለም። «በታገደ ፈቃድ መንዳት ክልክል መሆኑን አላውቅም» ማለትና «መታገዴን አላውቅም» ማለት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 የሚታይ የሕግ አለማወቅ ሲሆን ከቅጣት አያድንም፣ ሁለተኛው ግን በአንቀጽ 80 የፍሬ ነገር ስሕተት ነው፤ ችሎቱ ሊመረምረው ይገባል። እንዲህ ያለ ተከሳሽ እገዳው መቼና በምን መንገድ እንደተነገረው ማስረጃ እንዲቀርብ ይጠይቅ። የሚያግደው ክፍልም ማገዱን ጽፎ በፊርማ ቢያስታውቅ ይህ ሁሉ ክርክር አይመጣም ነበር።

ወደ ባለንብረቱ ልመለስ። ባለንብረት ሁሉ ሀብታም አይደለም። በዕቁብና በብድር አንዲት ባጃጅ ገዝታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አውቃለሁ፤ ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከተው እንደ እርሷ ያሉትን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። የመድን ውል ደግሞ አሽከርካሪው የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። የታገደ ሰው ነድቶ ሰው ቢጎዳ ያቺ እናት ባጃጇን ሸጣም ካሳውን አትጨርሰውም። ሾፌሩ ደግሞ ግልጽ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ለአንድ ቀን ገቢ ሲባል ሁለት ቤት ይፈርሳል፣ የሟቹን ቤት ሳንቆጥር።

መናኸሪያዎቻችንም ከዚህ አያመልጡም። የደሴ መናኸሪያም የኮምቦልቻውም ስምሪት የሚሰጡት መኪናውን ነው፤ ታርጋውን ያያሉ፣ ቦሎውን ያያሉ። መሪውን የያዘው ሰው ፈቃድ ያለው መሆኑን ከመዝገብ ማየት ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። የሁለቱ ከተሞች የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የታገዱ አሽከርካሪዎችን ዝርዝር ለስምሪት ሠራተኞችና ለትራፊክ ፖሊሶች ቢያደርሱ፣ ታግዶ ከመናኸሪያ የሚወጣ ሾፌር ሐረጎ ሳይደርስ ይቀራል።

ለፖሊስም አንድ ልመና አለኝ። በታገደ ፈቃድ ሲያሽከረክር የተያዘን ሰው ቃል ስትቀበሉ «ቁልፉን ማን ሰጠህ? መታገድህን ያውቅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የመለሰውንም ጻፉት። ባለንብረቱንም ጠርታችሁ ቃሉን ተቀበሉት። ሾፌሩ ፈርቶ የማይናገረውን መዝገቡ ይናገርለታል፤ ዐቃቤ ሕጉም በማን ላይ ምን ማቅረብ እንዳለበት ከዚያ ያያል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ
ከኮምቦልቻ