ከየካ አባዶ ለኮዬ ፈጬዋ ወዳጄ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ? ማሙሽ አፉን ፈታ? ካዛንቺስ ሳለን የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነበር። አሁን አንቺ ኮዬ ፈጬ፣ እኔ የካ አባዶ፤ ከተማው ዳርና ዳር ላይ በትኖናል። ዝምታው ከክፋት እንዳልሆነ መቼም ታውቂያለሽ።

ቮይስሽን መድኃኒት ቤቱ ጭር ሲል ደጋግሜ ሰማሁት። የወሊድ መከላከያ መርፌውን ትተሽ እንክብል መጀመርሽ ደግ ነው። ያስደነገጠኝ እንደዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፤ "ሲያልቅብኝ ጤና ጣቢያ እስክሄድ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል፣ ከዚያ እቀጥላለሁ" ያልሽው። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በእሱ ምክንያት ነው።

እስቲ ፓኬቱን አውጪው። 28 ፍሬ ነው አይደል? 21ዱ ሆርሞን አላቸው። ቡናማዎቹ 7ቱ አይረን ናቸው፤ እርግዝና አይከላከሉም። የወር አበባሽ የሚመጣውም በእነሱ ሳምንት ነው። ሰውነትሽ እነዚህን 7 ቀናት ያለ ሆርሞን ይታገሳል፤ 21ዱን በሥርዓት ከዋጥሽ በዚያ ሳምንትም አታረግዢም። ቀኑ ከ7 ሲያልፍ ግን እንቁላል ወደማዘጋጀት ይመለሳል። አንቺ የምትጨምሪያቸው ሁለት ሦስት ቀናት እዚህ ላይ ናቸው የሚያርፉት። ሴቶች የሚፈሩት ወር መሃል ላይ አንድ ፍሬ መርሳትን ነው፤ አዲሱን ፓኬት ማዘግየት ግን ከዚያ ይብሳል። የመጨረሻዋ ቡናማ ዛሬ ካለቀች አዲሱ የሚጀመረው ነገ ነው፤ የወር አበባሽ ባይቆምም ጀምሪ። በዚህ ወርም ዘግይተሽ ከነበረና አበባሽ ከቀረ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ የሽንት ምርመራ አድርጊ።

እኛ ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ አንድ አንድ ፓኬት እየወሰድን አንዘልቀውም። ታክሲ ጠፋ፣ ዝናብ ጣለ፣ ልጅ አተኮሰው፣ ሁሌም ሰበብ አለ። ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ከአንድ በላይ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው፣ አትፈሪ። አንዱን ፓኬት ሁልጊዜ መጠባበቂያ አድርገሽ አስቀምጪ። ማሙሽ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ አይረን ለሕፃን አደገኛ ነው።

ሰዓቱንም ወደ ማታ አድርጊው። ጠዋት ሩጫ ነው፤ ጾም ሲሆን ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አልቀምስም ትያለሽ። የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ዋጪያት።

አንድ ቀን ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ዋጪ፤ የዕለቷንም በሰዓቷ። በአንድ ቀን ሁለት መሆናቸው አይጎዳም። በተከታታይ ሁለትና ከዚያ በላይ ከዘለልሽ የመጨረሻ የረሳሻትን ዋጪና ቀጥዪ፣ 7 ቀን ሙሉ እስክትውጪ ግን ኮንዶም ተጠቀሙ። ይህ የሆነው በፓኬቱ የመጨረሻ የሆርሞን ሳምንት ላይ ከሆነ ቡናማዎቹን ትተሽ በቀጥታ አዲስ ፓኬት ክፈቺ። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም አዲሱን አዘግይተሽ ከሆነና ከባልሽ ጋር ከነበራችሁ ግን ፖስት ፒል የሚሉትን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ አስቢበት፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። ከዋጥሽ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽም ሌላ ፍሬ ድገሚ።

አማትሽ "ማህፀን ያደርቃል" ማለታቸውን ሰምቼ ሳቅሁ። እዚህም በየቀኑ እሰማዋለሁ። አያደርቅም። ስታቆሚ ቶሎ ማርገዝ ትችያለሽ፤ እንዲያውም ወራት የሚያዘገየው ያ የተውሽው መርፌ ነው። እማማን ግን አትከራከሪያቸው፣ አታሸንፊያቸውም።

እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ የደም ግፊትሽ ነው። ሳትለኪ ነው የጀመርሽው? ግፊት ያለባት፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ወይም ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ራሷን የሚያማት ሴት ይህ እንክብል አይሆናትም። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የሚወስዱ፣ ለሚጥል በሽታም አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። አንድ እግርሽ ቢያብጥና ቢያምሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ቢነሳብሽ ወይም ዓይንሽ ቢጋረድ "ነገ ይሻለኛል" ሳትዪ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያቅለሸልሽሽና ጠብ ጠብ የሚለው ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይተውሻል።

ደግሞ ለአራሷ እህትሽ ከራስሽ ፓኬት ልታካፍያት ነው አሉ። ተይ! ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ለምታጠባ እናት ሌላ ዓይነት እንክብል አለ፤ አወሳሰዱም ይለያል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

ፓኬቱን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ዓይነቱን ልየው። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውዪ። የካዛንቺሶቹን ወሬ በቃል ነው የምነግርሽ።

ወዳጅሽ
ከየካ አባዶ