መርዝ የዶሮ ጠባቂ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጎረቤትና ጎረቤት በዶሮ ምክንያት ሲቀያየሙ ማየት ስለሰለቸኝና ከቅያሜው በኋላ የሚመጣው ነገር ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በጓሯቸው ጥቂት ዶሮዎችን የሚያረቡ ሰዎች ማለዳ ተነስተው የተበተነ ላባና የተዘነጠለ ሥጋ ሲያገኙ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም፤ ከጫጩትነቷ ጀምረው ያሳደጓት፣ እንቁላል ልትጥል የደረሰች ቄብ በአንድ ሌሊት የአውሬ ሲሳይ ስትሆን ማንንም ያንገበግባል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ ሳይጣራ የጎረቤት ውሻ ወይም ድመት ይወነጀላል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም መርዝ የተለወሰ ሥጋ በአጥር ሥር ተጥሎ ይገኛል። በእኔ እምነት ዶሮን የሚያድናት በጥንቃቄ የተሠራና ሲመሽ የሚዘጋ ቤት ነው፤ የመርዙ ጉዳት ግን ዶሮ ለሌላቸውም ሰዎች ጭምር የሚተርፍ ነው።

ከመወንጀል በፊት የተረፈውን ምልክት መመልከት ተገቢ ነው። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ የሚገድለው ርቦት ሳይሆን የምትሮጥና የምትንፈራገጥ ነገር ስታጓጓው ነው፤ በዚህም የተነሳ በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮዎችን ይፈጃል፣ ላባቸውን በግቢው ሁሉ ይበትናል፣ ሬሳቸውንም ሳይበላ ጥሎ ይሄዳል። ሸለምጥማጥን የመሳሰሉ ትናንሽ የሌሊት አውሬዎች በአንጻሩ በጠባብ ቀዳዳ ሾልከው ገብተው አንገትና ጭንቅላት ላይ ይነክሳሉ። ጭልፊት የቀን ጠላት ነው፤ ጫጩት ከሆነች አንስቶ ይዟት ይሄዳል። እንቁላል ስብርባሪ ቅርፊት እንኳ ሳይቀር ከጠፋ እባብ መጠርጠር አለበት፤ ጫጩቶች በየሌሊቱ አንድ ሁለት እየሆኑ ከጎደሉና ሬሳቸው ካልተገኘ ደግሞ ወደ አይጥ ጉድጓድ መመልከት ይበጃል። ድመት ለጫጩት አደገኛ ብትሆንም ያደገች ዶሮን እምብዛም አትደፍርም፤ ጫጩቶቿን የያዘች እናት ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ድመት ስታባርር ያየ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ዶሮዎቻቸው ያለቁባቸው ዕለት ሁሉም ሰው ጣቱን በአንድ ውሻ ላይ ቀስሮ ነበር። ሬሳዎቹን አገላብጠን ስንመለከት ገላቸው ደህና ሆኖ ከጭንቅላታቸው ሥር ብቻ ትናንሽ የጥርስ ቀዳዳዎች ነበሩ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው፤ ሽቦውም አልተነካም። ከክዳኑ ቆርቆሮና ከግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ግን ጡጫ የማያሳልፍ ክፍተት ተገኘ፤ በእንጨቱ ስንጥር ላይ ግራጫ ፀጉር ተጣብቆ ነበር። በዚያ ክፍተት ውሻ ሊገባ አይችልም። እኚያ እናት ክፍተቱን ካስደፈኑ በኋላ ጉዳቱ ቆመ፤ ውሻውም ያለ ጥፋቱ ከመመረዝ ዳነ።

ዶሮ ሲመሽ ዳፍንት ያለባት ያህል ነው የምታየው። ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ አጥቂ ቢመጣባት መሸሽ ቀርቶ ከቦታዋ መንቀሳቀስም ያዳግታታል፤ ስለዚህ የሌሊት ደህንነቷ ሙሉ በሙሉ በቤቷ ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዶሮ አጥር ተብሎ የሚሸጠው ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ስስ ሽቦ ዶሮዋ ወደ ውጭ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬን አያግድም፤ ጉልበተኛ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል፣ ሌላው እጁን በቀዳዳው አስገብቶ ከሽቦው ተጠግታ የተኛችውን ዶሮ ይጎትታል። ጭንቅላቷ ብቻ ተቆርጦ የተገኘች ዶሮ ብዙውን ጊዜ የዚህ ሰለባ ናት። በምትኩ የቀዳዳው ስፋት ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ መጋጠሚያው የተበየደ ወፍራም ሽቦ በመስኮቱም፣ በአየር ማስገቢያውም፣ በክዳኑ ሥርም ቢመታ ይመረጣል፤ 2 ሳንቲ ሜትር የምታህል ክፍተት ለአይጥ ሰፊ በር መሆኗን ማስታወስ ይገባል። ሽቦውንም በተራ ምስማር ብቻ ከመያዝ ይልቅ በእንጨት ጠርዝ ወይም በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ በብዙ ቤቶች ያየሁት ጉድለት ሽቦው ጠንካራ ሆኖ ማያያዣው መላላቱ ነው።

ከታች በኩል ቆፍረው የሚገቡትን ለመከላከል የግድ ጥልቅ ቦይ መቆፈር አያሻም። አውሬ መቆፈር የሚጀምረው አፍንጫው ከግድግዳው ሥር ሲደርስ ነው፤ ከግድግዳው ግርጌ ጀምሮ ወደ ውጭ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ መሬት ላይ አንጥፎ ጥቂት አፈር ወይም ድንጋይ ቢለብስበት በሚቆፍርበት ሁሉ ሽቦ ያጋጥመውና ይተወዋል። ቤቱ በእግር ላይ የቆመ ከሆነም እግሮቹን በልሙጥ ቆርቆሮ መጠቅለል አይጥ ተንጠላጥሎ እንዳይወጣ ይረዳል። የተረፈ መኖ ሌሊት ውጭ ማደር የለበትም፤ መኖው አይጥን ይጠራል፣ አይጡ ደግሞ እባቡን ያስከትላል።

በሩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዶሮዎቹ ተቆጥረው በየዕለቱ ካልተዘጋ ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ከንቱ ነው። ዛሬ አምሽቶ የሚመለስ፣ ነገ የሚረሳ ሰው በብርሃን መጠን ወይም በሰዓት ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ቢያስገጥም፣ አለዚያም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቋሚ ኃላፊነት ቢሰጠው መልካም ነው። አንድ ጊዜ የቀናው አውሬ ምግብ ያገኘበትን ቦታ ስለሚያስታውስ ተመልሶ ይመጣል፤ ከጥቃት በኋላ ጥገናውን ለሳምንቱ መጨረሻ ማቆየት የተረፉትንም አሳልፎ መስጠት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆን ደግሞ ጥገናው ጥቃት ሳይጠብቅ ቢደረግ ይሻላል። በቀን ዶሮዎች ሲለቀቁ የሚጠለሉበት ቁጥቋጦ ወይም ከላይ የተዘረጋ መረብ ከጭልፊት ያድናቸዋል፤ አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣና በምድር ለሚመጣ ጠላት የተለያየ ድምፅ ስለሚያሰማ እርሱም ቢሆን ዋጋ ያለው ዘበኛ ነው።

የውሻ ባለቤቶችም ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። ውሻን ሌሊት በሩን ከፍቶ መልቀቅና ሲነጋ ላባ አፉ ላይ ይዞ ሲመጣ «የእኔ ውሻ አያደርገውም» ማለት ነውር ነው። ከ1.5 ሜትር በታች የሆነ አጥር ለትልቅ ውሻ የሚዘለል በመሆኑ አጥሩን ከፍ ማድረግ ወይም ውሻውን በግቢ ውስጥ በአግባቡ መያዝ፣ ጥፋት ከደረሰም ሳይጠየቁ የዶሮዎቹን ዋጋ መክፈል የመልካም ጎረቤት ወግ ነው። ዶሮ አርቢውም በበኩሉ ዶሮዎቹ የሰው ጓሮ ገብተው ቡቃያ እንዳይጭሩ መከልከል አለበት፤ የሰውን አትክልት ያስበላ ሰው ስለ ውሻው ሲናገር ሰሚ አያገኝም።

ወደ መርዙ ልመለስ። መርዝ የተለወሰ ሥጋ የታሰበለትን አውሬ ለይቶ አይጠብቅም፤ ቀድሞ የደረሰበት ውሻ፣ ድመት ወይም አሞራ ይበላዋል፣ በእጁ የነካው ሕፃንም ወደ አፉ ሊወስደው ይችላል። ዶሮ ራሷ አይጥ ካገኘች ስለምትበላ የተመረዘ አይጥ ወደ እርሷ ይመለሳል፤ ከአይጥ መርዝ ዓይነቶችም ቅሪታቸው ወደ እንቁላል የሚያልፍ አሉ። አይጥን ለመቀነስ መኖን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ማስቀመጥ፣ ጉድጓዱን መድፈንና ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ወጥመድ ማጥመድ ይቻላል። መርዝ ያስቀመጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ በጓንት ለቅሞ ያንሳው፤ በመርዙ የሞተ እንስሳ ካገኘም ቆሻሻ መጣያ ላይ ሳይጥል፣ ከውኃ ምንጭ ርቆ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበረው፤ ለጎረቤቶቹም ልጆቻቸውንና እንስሶቻቸውን እንዲጠብቁ ሳይደብቅ ይንገራቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ