ደብዳቤ ለልጄ፦ የማሙሽን ቀጠሮ እንዳትሰርዢ

ልጄ፣

ትናንት ስትደውዪ «እብጠቱ ጎድሏል፣ ማሙሽም ሳያለቅስ ተኝቶ አድሯል፤ አባዬ፣ ጥርሱ ባይነቀልስ?» ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። በስልክ በጥድፊያ ስለነበር የመለስኩልሽ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ። ባለቤትሽም ያንብበው። ሐሙስ ልጁን ይዞ የሚሄደው እሱ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ያንብበው።

ከሁሉ በፊት ሕመሙ ተወው ብለሽ ቀጠሮውን እንዳትሰርዢ። ልጅን ሌሊት የሚያስለቅሰው በሕይወት ያለ ነርቭ ሲቆጣ ነው። ነርቩ ሲሞት ልቅሶው ይቆማል። መግሉም በድዱ በኩል መውጫ ሲያገኝ ግፊቱ ይቀንስና የፊቱ እብጠት ይጎድላል። ድዱ ላይ አየሁት ያልሽው ብጉር መሳይ ነገር መውጫው ነው። አንቲባዮቲኩ ዙሪያውን የተሰራጨውን ጀርም ገትቶታል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይደርስም። ምንጩ ስላልተነካ እብጠቱ ይመለሳል። በዚያ ላይ የወተት መንጋጋ ሥሮች የቋሚውን ጥርስ እንቡጥ አቅፈው ነው የሚቀመጡት። መግል እዚያ ሲከርም ገና በመሠራት ላይ ያለውን የቋሚ ጥርስ ሽፋን ይጎዳዋል፤ ጥርሱም ሲወጣ ነጭ ወይም ቡናማ ጠባሳ ይዞ፣ አንዳንዴም ገላው ተሸርፎ ይወጣል።

«ማዳን አይቻልም ወይ?» ማለትሽ ትክክል ነው፤ ሁሌም መጠየቅ አለበት። ቡርቡሩ ነርቭ ላይ ደርሶ ሥሮቹ ጤነኛ ከሆኑ የላይኛው የነርቭ ክፍል ብቻ ተወግዶ፣ መድኃኒት ተደርጎበት፣ የብረት ሽፋን ይለብስና በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ያገለግላል። የማሙሽ ግን ከዚያ አልፏል። በላክሽልኝ ራጅ ላይ በሁለቱ ሥሮች መካከል የጠቆረውን ቦታ እዪው፤ አጥንቱ ተበልቶ ነው። ጥርሱም ተነቃንቋል። ሐኪሙ ይነቀል ያለው አቻኩሎት አይደለም።

እስከ ሐሙስ ድረስ አንቲባዮቲኩን በታዘዘው መጠንና ቀን ስጪው። እብጠቱ ተመልሶ ወደ ዓይኑ ከወጣ ወይም ከአገጩ ሥር ከወረደ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ትቶ ካዝረከረከ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሐሙስን አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰጂው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። «የወተት ጥርስ አይደል፣ መውደቁ አይቀርም» ይላሉ። መውደቁስ እውነት ነው። ግን ይህ ሁለተኛው የታችኛው የወተት መንጋጋ በራሱ የሚወድቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ማሙሽ ገና 7 ዓመቱ ነው። ከኋላው ደግሞ በ6 ዓመት አካባቢ የሚወጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ አለ። እሱ ሲወጣ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። ወረፋ ላይ ከፊት ያለው ሲወጣ የኋለኛው እንደሚጠጋው፣ ይህ መንጋጋም ከፊቱ ያለው ሲነቀል ወደ ባዶው ቦታ እየተጋደመ ይመጣል። ከሥር የሚጠብቀው ጥርስ መውጫ ያጣል። ወይ አጥንት ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ወደ ምላስ ተገፍቶ ይወጣል።

ወንድምሽን አስቢው። 5 ዓመቱ ላይ ይኸው ጥርስ ተነቅሎለት «ይበቃል፣ ሂዱ» ተባለ። ባዶው ቦታ በምን ይያዝ ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬም ምግብ የሚሰነቀርበት ያ ወደ ምላሱ የዞረ ጥርስ የመጣው ከዚያ ነው። ሽቦ ያሰረባቸውን ዓመታት አንቺም ታስታውሻለሽ፤ ትምህርት ቤት አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር የሚስቀው። ያ ልጅነቱ እስካሁን ይቆጨኛል። መፍትሔው ያኔም ቢሆን ባዶውን ቦታ የምትይዝ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበረች።

ስለዚህ ሐሙስ ማሙሽ ወንበሩ ላይ ሳይወጣ «ቦታ ጠባቂ የሚደረግለት መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቋሚው መንጋጋ ላይ በሲሚንቶ የሚለጠፍ የብረት ቀለበት ነው፤ ከቀለበቱ የተበየደ ሽቦ ባዶውን ቦታ ተሻግሮ ከፊት ያለውን ጥርስ ይደገፋል። ልኬቱ ከመነቀሉ በፊት ሊወሰድ ይችላል። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቢቆይም ግድ የለም፤ ወራት ግን አይቆይም፣ ቦታው በብዛት የሚጠበው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነውና። ከተለጠፈ በኋላም አትርሺው። ሲሚንቶው ሲታጠብ ቀለበቱ ይላላል፣ ሥሩ ምግብ ይገባና ጤነኛው መንጋጋ ይበሰብሳል። በየስድስት ወሩ ይታይ፤ ማስቲካና ሙጫነት ያለው ከረሜላ ይቅር። ከወለቀ ራስሽ ገፍተሽ አትመልሺው፣ ይዘሽው ሂጂ። አዲሱ ጥርስ ብቅ ሲል ቦታ ጠባቂውን ሐኪሙ ያወጣዋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህን ደግሞ ከመርፌው በፊት ንገሪያቸው። የእናትሽ ወንድም ጥርስ ተነቅሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደማ እንደነበር ታውቂያለሽ። በእናት በኩል ለወንድ ልጅ የሚተላለፍ ደም ያለመርጋት ሕመም አለ። ማሙሽ ወድቆ ሲቆረጥ ደሙ ቶሎ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ግን ይስማውና እሱ ይወስን፣ ምርመራ ካስፈለገም ያዝዛል። ለታችኛው መንጋጋ የሚሰጠው ማደንዘዣ በጥልቀት ስለሚወጋ እንዲህ ያለ ችግር ላለበት ልጅ መርፌው ራሱ አደጋ አለው። የልብ ችግር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የመድኃኒት አለርጂ የሌለበት መሆኑንም በቃልሽ አረጋግጪላቸው፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል ብለሽ አትለፊው።

ክብደቱን መዝኚው። የልጅ መድኃኒት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ብዙ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ሊዶካይን የተባለውን ማደንዘዣ በኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም አያሳልፉም። ባለ 2 በመቶው አንድ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌው ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ፣ 1.8 ሚሊ ሊትር ሲሆን 36 ሚሊ ግራም ይይዛል። ማሙሽ 20 ኪሎ ቢሆን ጣሪያው 88 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለት ካርትሪጅ ይችላል፣ ሦስተኛው ያልፋል። ለአንድ ጥርስ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። «ከመጣን አይቀር በቀኝም በግራም ያለውን ጨርሱልን» የምትዪው ነገር እንዳይኖር፤ የታችኛው መንጋጋ በሁለት ወገን ሲደነዝዝ ልጁ ምላሱንም ከንፈሩንም አያዝዝም።

ከመሄዳችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምግብ ይብላ፤ የራበው ልጅ ይነጫነጫል፣ ራሱንም ያዞረዋል። ይህ በመርፌ ማደንዘዣ ብቻ ሲሆን ነው። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል ከተባለ ግን ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ ከሁለት ሰዓት በፊት ይቆማል። በስህተት ከበላ አትደብቂ፤ ተኝቶ ካስመለሰው ወደ ሳንባው ይገባል።

«ምንም አይሰማህም» ብለሽ አትዋሺው። ግፊት ይሰማዋል፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ይሰማል፤ ውሸት ከመሰለው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። «ጥርስህ ይተኛል፣ መግፋቱ ይሰማሃል፣ ስሜቱ ካላማረህ እጅህን አንሣ» በዪው። ሲያስቸግርሽ «ጥርስ ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ» ማለቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተዪ። ይህን የምልሽ ተቆጥቼ ነው።

ሐኪሙ ድዱን አድርቆ የሚያደነዝዝ ጄል ይቀባና አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ቀስ ብሎ ይወጋል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አትቸኩዪበት፣ መድኃኒቱ እስኪይዝ ነው። ከንፈሩ ካልከበደው ወይም ድዱ ሲነካ ካመመው መንቀል አይጀመርም። የታችኛው የወተት መንጋጋ ሁለት ሥሮች ቀጫጭንና የተንሻፈፉ ስለሆኑ ጉጠቱ ቀስ እያለ ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ ይወዘውዛል እንጂ አያሽከረክርም፤ ማሽከርከር ሥር ይሰብራል። በሌላ እጁ አገጩን ይደግፋል፣ ጥርሱ አምልጦ እንዳይዋጥም ከኋላ ጎዝ ያደርጋል። የተነቀለውን ስታዪ ሥሩ አጭርና የተበላ ቢሆን አትደንግጪ፣ በተፈጥሮው ይሟሟል። የሥር ጫፍ ተሰብሮ ቢቀርና ማውጣቱ እንቡጡን የሚያሰጋ ከሆነ ሐኪሙ ሊተወው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሟሟል። ግን ይንገርሽ፣ ካርዱም ላይ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ የታጠፈ እርጥብ ጎዝ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ ይንከስ። በየደቂቃው እያነሣሽ አትዪ፣ የረጋውን ደም ትነቅዪዋለሽ። ምራቁ እስከ ማግስቱ ሮዝ ቢመስል ደም እየፈሰሰ አይደለም። ቤት ከገባችሁ በኋላ ከደማ አዲስ ጎዝ ያንኑ ያህል ይንከስ፤ በዚያም ካልቆመ ተመለሱ፣ በተለይ ስለ አጎትሽ የነገርኩሽን አስታውሺ። በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮው መጠጣት የለም። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሰው። ሌሎቹን ጥርሶች በዚያው ሌሊት ቦርሺለት።

ድንዛዜው እስኪለቅ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ እስከዚያ ከአጠገቡ አትነሺ። የደነዘዘ ከንፈር ለልጅ ጨዋታ ነው፣ ያኝከዋል፣ ይቧጭረዋል፣ ሕመሙን የሚያውቀው ሲነቃ ነው። እስኪነቃ የሚታኘክ ነገር አይቅመስ። ቢነክሰው ከንፈሩ ያብጥና በማግስቱ ነጭ ሽፋን ያወጣል። መግል መስሎሽ አንቲባዮቲክ እንዳትጀምሪ፤ ቫዝሊን እየቀባሽ ጠብቂው፣ ሳምንት አስር ቀን ውስጥ ይድናል። ጉድጓዱም ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነጣ ቢል እንዲሁ ነው፣ እየዳነ ነው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ድንዛዜው ሳይለቅ ስጪው፤ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይለፍ። ጠርሙሱን አንብቢ! ለ20 ኪሎ ልጅ 300 ሚሊ ግራም ማለት በ5 ሚሊ ሊትር 125 ከሆነው ሽሮፕ 12 ሚሊ ሊትር ነው፤ 250 ከሆነው ግን 6 ብቻ። በመድኃኒቱ መለኪያ እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አትለኪ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ድዱ ላይ ፈጭቶ መነስነስማ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ደግሜ እነግርሻለሁ፤ እስከ ሐሙስ ጠዋት ማሙሽ ሲሮጥ፣ ሲስቅ፣ በዚያው ጎን ሲያኝክ ልታዪው ትችያለሽ። ያኔም ቢሆን ሕመሙ ተወው ብለሽ ቀጠሮውን እንዳትሰርዢ።

ማሙሽን ሳሚልኝ። ዛሬ ማታ ጫማውን አውልቀሽ መዝኚውና ኪሎውን ላኪልኝ፣ የሽሮፑን ጠርሙስም ጽሑፉ በሚታይበት በኩል ፎቶ አንሺልኝ።

አባትሽ